ሲወጣ ይሠራ ነበር፦ ያገለገለ ሮተሪ ሞተር ገዝቶ የማደስ አንድ ጉዳይ

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ የጎረቤቴ ልጅ ቤቴ መጣ። ስልኩን ዘርግቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። በእንጨት ፓሌት ላይ የተቀመጠ፣ ዘይትና አቧራ የለበሰ ትንሽ ሞተር ነው። "ጋሼ፣ ይሄን ልገዛው ነው፤ እስቲ ይዩልኝ" አለኝ። ሻጩ ከፎቶው ሥር የጻፈው አጭር ነው። ሲወጣ ይሠራ ነበር። ዋጋው 900 ዶላር።

እኔ አዲስ አበባ 11 ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ስንት ሞተር ሰቅያለሁ፣ ስንቱን መልሼ አውርጃለሁ። "ሲወጣ ይሠራ ነበር" የሚለውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ሻጩ እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ግን ስለ ሞተሩ ምንም አይነግራችሁም። ሊሞት ሁለት ቀን የቀረው ሞተርም ሲወጣ ይሠራ ነበር።

አገር ቤት ሳለሁ ሮተሪ ሞተር በእጄ ነክቼ አላውቅም። እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ነው ሁለት የፈታሁት። ፍቅሩ ያኔ ያዘኝ። ስለዚህ ልጁን "አብረን እንሂድ፤ ሳናየው ግን ሳንቲም አትስጥ" አልኩት። የሆነውን ሁሉ፣ የተሳሳትንበትንም ጭምር፣ እዚህ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ 23 ዓመቱ ነው። ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ የ1988 ማዝዳ አርኤክስ-7 ገዝቷል። ቱርቦ የሌላት፣ ባለ ሁለት መቀመጫ ናት። ቦዲዋ ዝገት የለበትም። ሞተሯ ግን አይነሳም። የቀድሞ ባለቤቷ ሃይዌይ ላይ "ድንገት አንድ ነገር ጠቅ አለና ኃይል አጣች" ብሎ ነው በርካሽ የሸጣት። ልጁ ያንን ሞተር ቁርጥራጭ ብረት ነው ብሎ ደምድሟል። እኔም አልተቃወምኩትም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ለማያውቀው ሰው ሞተሩን ላስረዳ። ፒስተን የለውም። ቫልቭ የለውም። ቴስታታም የለውም። በፒስተን ፋንታ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ጎኖቹ ትንሽ ቆልመም ያሉ ከባድ ብረት ውስጡ ይዞራል። እሱ ሮተር ይባላል። የሚዞርበት ቤት ወገቡ ትንሽ ገባ ያለ ሞላላ ነው። የሮተሩ ሦስት ጫፎች ሁልጊዜ የቤቱን ግድግዳ እየዳሰሱ ይሄዳሉ። በሮተሩና በግድግዳው መካከል ሦስት ክፍሎች ይፈጠራሉ። እየዞሩ ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ። ሲሰፉ ይስባሉ፣ ሲጠቡ ይጨምቃሉ፣ ካንዴላው ያቃጥላል፣ ከዚያ ጭሱ ይወጣል። ሮተሩ አንድ ዙር ሲዞር በመሃሉ የሚያልፈው የሞተሩ ዘንግ ሦስት ዙር ይዞራል። ይህን ቁጥር አትርሱት፤ ሞተር ስንፈትሽ ያስፈልገናል።

የልጁ መኪና ሞተር 13ቢ ይባላል። ሁለት ሮተር አለው። እያንዳንዱ 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1308 ሲሲ ነው። አሠራሩ እንደ ድርብርብ ነው። የፊት ብረት፣ የሮተር ቤት፣ የመሃል ብረት፣ ሁለተኛው የሮተር ቤት፣ የኋላ ብረት። ሁሉንም ጠርቀው የሚይዙት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የሚያልፉ ረጃጅም ብሎኖች ናቸው።

ኮምፕሬሽን የሚይዙት ትናንሽ ብረቶች ናቸው። እንግሊዝኛው ስማቸው ብዙ ነው። እኔና ልጁ ግን ፋሻ ብለን ተግባባን፤ ሥራቸው የፒስተን ፋሻ ሥራ ነውና። በሦስቱ ጫፎች ላይ የጫፍ ፋሻ አለ። ቀጥ ያለ፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ የቤቱን 80 ሚሊሜትር ስፋት የሚሸፍን ዘንግ ነው። በሮተሩ ሁለት ገጾች ላይ እንደ ቅስት የታጠፈ የጎን ፋሻ አለ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ቁልፍ ክብ የሆነ የማዕዘን ፋሻ። ከሁሉም ሥር ትንሽ ሞላ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በተለመደው ሞተር ሲሊንደር ቢበላ ሪቦር ታስደርጋላችሁ፤ ወፍራም ፒስተን ታስገባላችሁ፤ ያልፋል። የሮተር ቤት ግን እንደዚያ አይሆንም። ቤቱ አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ላይ ስስ የብረት ሉህ አለ። በሉሁ ላይ ክሮም ተለብጧል። ፋሻው የሚሄደው በዚያ ስስ ክሮም ላይ ነው። ክሮሙ ከተላጠ ወይም በተሰበረ ፋሻ ከተቦጨቀ ተራ ጋራዥ የሚያድነው ነገር የለም። ፋሻና ጎማ ምንጊዜም በአዲስ ይቀየራል። ስለዚህ ያገለገለ ሮተሪ ስትገዙ የምትገዙት ቤቶቹን፣ ብረቶቹን፣ ሮተሮቹንና ዘንጉን ነው። የቀረው ሁሉ ሞቷል ብላችሁ ነው ዋጋ የምትቆርጡት። ልጁን መንገድ ላይ ደጋግሜ ያልኩት ይሄንኑ ነበር።

ፍተሻው

ሻጩ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው ያለው። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ሄድን። ትሁት ሰውዬ ነው። ሞተሩን ከ1987 መኪና እንዳወጣው፣ ሌላ ሞተር ሊገጥምባት አስቦ እንደተወው ነገረን። ካምቢዮውና ሞተሪኖው አብረው የሉም። ስለዚህ በሞተሪኖ አሽከርክረን ኮምፕሬሽን መለካት አልቻልንም። ቮላኖው ግን እንደተገጠመ ነው። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድም ተፈቷል። ይሄ ዕድል ነበር።

አራቱንም ካንዴላዎች አወጣን። ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከፊት ያለውን ትልቅ ብሎን በ19 ቁልፍ ይዤ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ዘንጉን ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ልጁ ጆሮውን ወደ ካንዴላው ቀዳዳ አስጠጋ። ዘንጉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ከእያንዳንዱ ሮተር አንድ የትንፋሽ ምት ይወጣል። ሦስት ዙር ስታዞሩ የሦስቱንም ጎኖች ትንፋሽ ሰማችሁ ማለት ነው። የፊተኛው ሮተር ፉሽ፣ ፉሽ፣ ፉሽ አለ። እኩል ነው። የኋለኛው ግን አንዴ ፉሽ አለና ሁለት ጊዜ ሰነፍ ትንፋሽ አሰማ። ደገምነው። ያው ነው።

ይሄ ብዙ ይናገራል። አንድ የጫፍ ፋሻ የሚለየው ሁለት አጎራባች ክፍሎችን ነው። እሱ ከሞተ ሁለት ምቶች ይደክማሉ፣ አንዱ ይተርፋል። አንድ ምት ብቻ ቢደክም ኖሮ ጣቴን የምቀስረው የጎን ፋሻ ላይ ነበር። ስለዚህ ከኋለኛው ሮተር አንድ የጫፍ ፋሻ ችግር አለበት። ጥያቄው ተሰብሯል ወይስ ተጣብቋል ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የተሰበረ ፋሻ በጭስ ማውጫው በኩል ሲወጣ ቤቱን እየቦጨቀ ነው የሚወጣው። የተጣበቀ ግን ካርቦን ይዞት ጎድጓዳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሆናል።

በዚህ ሞተር ላይ የጭስ ማውጫው ቀዳዳ ያለው በሮተር ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። በባትሪ እያበራን ዘንጉን ስናዞር ፋሻዎቹ አንድ በአንድ ከቀዳዳው ፊት ያልፋሉ። በቀጭን የእንጨት ዘንግ ነካ ነካ አደረግናቸው። ብረት አትጠቀሙ፣ ይጭራል። ከፊተኛው ሮተር ሦስቱም ተጫኑና ተመለሱ። ከኋለኛው ሁለቱ ተመለሱ። ሦስተኛው እንደ ድንጋይ አልነቃነቅ አለ። ጠርዙ ግን ሙሉ ነው። ተጣብቋል እንጂ አልተሰበረም። ልጁ ፊቱ ሲበራ አየሁት።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ከኋለኛው ሮተር የላይኛው ካንዴላ ቀዳዳ አካባቢ ቡናማ የዝገት እድፍ አየሁ። ዘይት ዝገት አያመጣም። ውሃ ገብቷል ማለት ነው። በብረቶቹና በቤቶቹ መካከል የማቀዝቀዣውን ውሃ ከማቃጠያው ክፍል የሚለዩ ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች አሉ። ሞተሩ አንዴ ሲግል ጎማው ይደርቃል፣ ውሃም ይሾልካል። ጎማ ርካሽ ነው። ጎማው የሚቀመጥበት ብረት ተበልቶ ከሆነ ግን ርካሽ አይደለም። ያንን ደግሞ ሳይፈቱ ማየት አይቻልም።

ለሻጩ ያየነውን ሁሉ በግልጽ ነገርነው። ፋሻው እንደተጣበቀ፣ ውሃ እንደነካው፣ ምናልባት አንድ ብረት እንደምናጣ። ሰውዬው ራሱ በእንጨቱ ነካክቶ አየ። 550 ዶላር ተስማማን። አልዋሸንም ብዬ አምናለሁ። ሮተሪ አንድ ፋሻ ተጣብቆበትም ተንፈራግጦ ይሠራል።

በነገራችን ላይ፣ ይህ የእንጨት ዘዴ በ2003 በመጣችው አርኤክስ-8 ላይ አይሠራም። በእሷ ሞተር ላይ የጭስ ማውጫው ቀዳዳ በጎን ብረቶቹ ላይ ነው፤ በዚያ በኩል የጫፍ ፋሻውን ማየት አትችሉም። አርኤክስ-8 የምትገዙ ከሆነ በሮተሪ መለኪያ የተለካ ቁጥር ጠይቁ። ተራ የኮምፕሬሽን ጌጅ ከሦስቱ ክፍሎች ትልቁን ብቻ ይዞ ስለሚቆም የሞተውን ይደብቅላችኋል። ፋብሪካው ለዚያች ሞተር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በደቂቃ በ250 ዙር 680 ኪሎፓስካል ነው። ማዝዳ ራሱ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከ2004 እስከ 2008 ለተሠሩት አርኤክስ-8ቶች የሞተር ዋስትናውን ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ከፍ አድርጎ ነበር። ችግሩ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ስንፈታው

የመጀመሪያው ፈተና የቮላኖው ዳዶ ነው። 54 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው የሚያጠብቀው ወደ 300 ፉት-ፓውንድ በሚጠጋ ኃይል፣ ያውም በማጣበቂያ ነው። ቮላኖውን በብረት አሰርነው። ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አስገባን። ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት። አልሄደም። በችቦ ትንሽ አሞቅነውና እንደገና ተንጠለጠልን። ጠቅ ሲል የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

ረጃጅሞቹን ብሎኖች በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያላላን ፈታን። አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ብረት ያጣምማል። ከዚያ ድርብርቡን ከኋላ ወደ ፊት አንድ በአንድ አነሳን። እያንዳንዱን ፋሻ ከየትኛው ሮተር፣ ከየትኛው ጫፍ እንደወጣ ጽፈን በየፌስታሉ አስቀመጥን።

የፊተኛው ቤት ቆንጆ ነው። በመብራት አጋድሜ ሳየው ብቻ ክሮሙ ላይ ስስ የሞገድ መስመሮች ታዩኝ። በጥፍሬ ስዳስሰው አይሰማኝም። ለልጁ "ይሄ መስመር ታሪክ አለው" አልኩት። የሮተሪ ሐሳብ የጀርመናዊው የፌሊክስ ቫንከል ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር በ1957 ኤንኤስዩ በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ተነሳ። የሂሮሺማው ማዝዳ በ1961 ፈቃዱን ገዛ። ከዚያ ጃፓኖቹ ሞተሩን ሲያሠሩት ግድግዳው ላይ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ያለ ሞገድ እየተቆፈረ ሞተሩ ይሞትባቸው ጀመር። ፋሻው እየተንቀጠቀጠ ነው ግድግዳውን የሚቆፍረው። የሰይጣን ጥፍር አሉት። በ1963 ኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመራው 47 መሐንዲሶች ያሉት ክፍል ተቋቋመና ሥራዬ ብለው ያዙት። የፋሻውን ቅርፅም፣ የሚሠራበትንም ነገር ቀያየሩ። በመጨረሻ ካርቦንና አሉሚኒየም ባዋሃደ ፋሻ ኮስሞ ስፖርት የተባለችውን መኪና በግንቦት 1967 ለገበያ አበቁ። ጀርመኖቹ በዚያው ዓመት ያወጡት ኤንኤስዩ አርኦ 80 ግን በሞተሩ ብልሽት ኩባንያውን ብዙ አስከፈለ። ኤንኤስዩም በ1969 በፎልክስዋገን እጅ ገባ። ለአንድ ቀጭን ዘንግ ይህ ሁሉ ሰው ዕድሜውን እንደሰጠ ሳስብ ፋሻውን በእጄ ስይዝ ክብር ይሰማኛል።

የኋለኛው ቤት ግን አሳዘነን። በአንድ ጠርዙ በኩል ክሮሙ ወደ ሦስት ሴንቲሜትር ርዝመት ተልጧል። ሥሩ ያለው ብረት ይታያል። አዲስ ፋሻ እዚያ ላይ ቢሄድ ይበላል።

የኋላ ብረቱ ደግሞ የባሰ ነው። ከ1986 ጀምሮ ማዝዳ የውሃ ጎማው የሚቀመጥበትን ቦይ ከአሉሚኒየሙ ቤት ወደ ጎን ብረቱ አዛወረው። የቦዩ የውስጥ ግድግዳ ስስ ነው። በካንዴላዎቹ በኩል፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ቦታ፣ ዝገት በልቶት ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ተሰብሮ ወድቋል። ውሃው የሾለከው በዚህ ነው። የዚህን ዘመን 13ቢ የፈታ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ይሄንን ቦታ ነው። አንድ ሰው በሙጫ ሞልተህ ዝጋው አለኝ። አልስማማም። ሞተሩ እንደገና ሲግል ያ ሙጫ ይለቃል፤ ያን ጊዜ የወጣውም ልፋት አብሮ ይሄዳል።

ሁለት ዋና አካል አጣን። አንድ አዲስ የሮተር ቤት ስንጠይቅ ዋጋው ለሞተሩ በሙሉ ከከፈልነው ይበልጣል። ልጁ ቁጭ አለ። ብዙ ዝም አልን።

ከዚያ እኔ "ያቺ መኪናህ ውስጥ ያለውን ሞተር ማን ፈትቶ አየው?" አልኩት። ማንም አላየውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አወረድነው። ጠቅ ያለው ነገር እውነትም የጫፍ ፋሻ ነው። ነገር ግን የተሰበረው የፊተኛው ሮተር ፋሻ ነው። የፊተኛው ቤት ተቦጭቋል፣ ሮተሩም ጫፉ ላይ ተመቷል። የኋለኛው ቤት ግን ንጹሕ ነው። የኋላ ብረቱ ቦይም ሙሉ ነው። ያጣነው ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ነበር!

እዚህ ላይ ደስታም ቁጭትም ነው የተሰማኝ። መጀመሪያ የሞተውን ብንፈታ ኖሮ የሚያስፈልገን አንድ የፊት ቤትና አንድ ሮተር ብቻ እንደሆነ እናውቅ ነበር። ሙሉ ሞተር አንገዛም ነበር። እኔ ታላቅየው ነኝ፤ ይሄን ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። "ቁርጥራጭ ነው" ሲለኝ ሳልጠይቅ መቀበሌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሮተሮቹን ግን አላደባለቅንም። ፋብሪካው እንደ ክብደታቸው ከኤ እስከ ኢ ፊደል ያትምባቸዋል። አንዱ ሮተር ብቻውን ከ4 ኪሎ በላይ ነው። በደቂቃ 7,000 ጊዜ በሚዞር ዘንግ ላይ የክብደት ልዩነት ቀልድ አይደለም። ዓመቱም ለውጥ አለው። እስከ 1988 ያሉት ቱርቦ አልባዎቹ የመጨመቂያ ልካቸው 9.4 ለ1 ነው፤ ከ1989 ወዲህ ያሉት 9.7 ለ1። ስለዚህ ከገዛነው ሞተር ሁለቱንም ሮተሮች ከነዘንጋቸው፣ የፊትና የመሃል ብረቱንና የፊት ቤቱን ወሰድን። ከአሮጌው የኋላ ቤቱንና የኋላ ብረቱን። ብረቶቹን ሁሉ በቀጥ ማስመሪያ ብረትና በክፍተት መለኪያ ቅጠል ለካን። ጥመቱ ከ0.04 ሚሊሜትር፣ መበላቱ ከ0.10 ማለፍ የለበትም። ሁሉም አለፉ።

ስንገጥመው

ማጽዳቱ ሦስት ቅዳሜ ወሰደ። ካርቦን እንደ ድንጋይ ነው። ቤቶቹን በፕላስቲክ ብሩሽ ብቻ። የፋሻ ጎድጓዳዎቹን በአሮጌ ፋሻ ስባሪ ፋቅናቸው፤ ለዚያ ቦይ ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ትዕግሥት የሚጠይቀው የጎን ፋሻ ነው። 12 ናቸው። ከፋብሪካ ረዝመው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱን ከቦታው ጋር እያመሳሰላችሁ በሞረድ ታሳጥራላችሁ። በጎን ፋሻውና በማዕዘን ፋሻው መካከል ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ከበዛ ኮምፕሬሽን ያመልጣል። ካነሰ ብረቱ ሲግል ተገፋፍቶ ይጣበቃል። ሁለት ፍቀህ ትለካለህ፣ ሁለት ፍቀህ ትለካለህ። ልጁ አንዱን አሳጥሮ አበላሸው። ሌላ አዘዝን። ከዚያ በኋላ ያሉትን 11 ብቻውን ሠራቸው። አንዱም አልተበላሸበትም። እጁ ጥሩ ነው፤ ይሄን ለእናቱም ነግሬያቸዋለሁ።

ፋሻዎቹ በገጠማ ጊዜ እንዳይወድቁ የሚይዛቸው ቫዝሊን ነው። አዎ፣ ያው የምንቀባው ቫዝሊን። ሞተሩ ሲነሳ ይቀልጥና ይቃጠላል፤ ምንም አይጎዳም። የውሃ ጎማዎቹንም በእሱ ቦታቸው ላይ አሳረፍናቸው። ድርብርቡን ዘግተን ረጃጅሞቹን ብሎኖች በሦስት ደረጃ አጠበቅን። ከዚያ የውሃውን መግቢያና መውጫ ዘግተን በ15 ፒኤስአይ አየር ሞላነው። ጠዋት ስንመጣ ጌጁ ቦታው ላይ ነው። ውሃው አይሾልክም ማለት ነው። ይሄን ፍተሻ ሳታደርጉ ሞተር አትስቀሉ።

ስህተታችን የመጣው ከፊት በኩል ነው። ከዘንጉ ፊት፣ ፑሊው ጋ፣ ሁለት የመርፌ ኩሽኔታዎች አሉ። ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይላወስ የሚይዙ ናቸው። የፊቱ ትልቅ ብሎን ጠብቆ ካልያዛቸው ከቦታቸው ወርደው ይንጠለጠላሉ። እኛ ሞተሩን ካጋደምን በኋላ ፑሊውን ለማስተካከል ያንን ብሎን አላላነው። ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ረሳሁ። መልሰን ስናጠብቅ ዘንጉ ከበደ። በዳያል ጌጅ ብንለካ የዘንጉ ልውሰት ዜሮ ነው። መሆን ያለበት ከ0.04 እስከ 0.07 ሚሊሜትር ነው። የፊቱን ክዳን ከፈትን። አንዱ ኩሽኔታ ተጨፍልቋል። አዲስ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ጠበቅን። ብንዘጋውና ብናስነሳው ኖሮ የፊት ብረቱን ጭምር ያጠፋ ነበር።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ መኪናዋ ላይ ሰቀልነው። ቤንዚኑን ዘግተን ዘይት ግፊቱ እስኪነሳ በሞተሪኖ አዞርነው። ታንከሩ ውስጥ ትንሽ የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ጨመርን፤ ሮተሪ ፋሻውን የሚያለሰልሰው አብሮ በሚቃጠል ዘይት ነው። ቤንዚኑን ከፍተን በአራተኛው ሙከራ ተነሳ። ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ። ቫዝሊኑ ነው። ልጁ ደንግጦ አየኝ። "ተወው፣ ይጥራል" አልኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠራ። ድምፁም እኩል ሆነ። ልጁ መሪውን ይዞ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ወጪውን በሙሉ ጽፈን ይዘናል። ሞተሩ 550 ዶላር። ፋሻ፣ ሞላ፣ ጎማና ጓርኒሲዮን በሙሉ፣ ያቺን የተበላሸችውን ጨምሮ 1,240። ኩሽኔታው 45። የ54ቱ ቁልፍና ሌላ መሣሪያ 65። ካንዴላ፣ ዘይት፣ ማጽጃ 210። በድምሩ 2,110 ዶላር። ጉልበታችንን አልቆጠርንም። አስቀድመን አሮጌውን ብንፈታ ከዚህ ላይ ጥቂት መቶ ዶላር ይቀንስ ነበር። በሌላ በኩል አሁን ደህና ሮተር፣ ደህና የመሃል ብረትና የፊት ብረት በመለዋወጫ ተቀምጠዋል። ጋራዤ ውስጥ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን 1,000 ማይል ከ4,000 ዙር በላይ እንዳያስነሳት ቃል አስገባሁት። ጠበቀው። ከዚያ መለኪያ ተውሰን ለካን። የፊተኛው ሮተር 108፣ 106፣ 109 ፒኤስአይ። የኋለኛው 104፣ 107፣ 105። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 85 ነው። ቁጥሮቹን ልጁ በእርሳስ ጽፎ የሞተሩ ክፍል ክዳን ውስጥ ለጠፋቸው።

ባለፈው እሁድ እናቱን ቤተ ክርስቲያን አድርሶ ወደ እኔ መጣ። ቡና እስኪፈላ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። የራዲያተሩን ክዳን ከፈተና በባትሪ አየ። ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው።